የጾም እፍኝ

(ቅል ውስጥ ያለ ገብስ ቀስ ብሎ ሲነቀነቅ ይሰማል)

 

አሁን የሰማችሁት ቅል ውስጥ ያለ ገብስ ነው። ቅሉ የአያቴ ነበር፤ እሷ ካረፈች በኋላ ወደ እኔ መጥቶ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። ዛሬ አውርጄ እዚህ ስቱዲዮ ድረስ ይዤው መጥቻለሁ። ሑዳዴ ከገባ ዛሬ 20ኛ ቀናችን ነው፤ ነገ እሑድ መፃጉዕ ነው። ስለ ጾምና ስለ ጸሎት የማወራችሁን ከመጽሐፍ ከመጀመር ይልቅ ከዚህ ቅል ብጀምር ይሻላል ብዬ ነው።

አያቴ ትኖር የነበረው በጎዛምን ገጠር፣ የጮቄ ነፋስ ምንም ሳይጋርደው በሚደርስበት ደጋ ነው። የሑዳዴ መግቢያ ሰሞን ቅሉን ታጥባለች፤ በወይራ ጭስ ታጥናለች፤ ጓዳ ካለው ችካል ላይ ታንጠለጥላለች። እኛ ልጆቹ ሰባት ዓመት ከሞላን ወዲህ ጾም ጀምረናልና ደጅ ወጥተን ጥላችንን በጫማ እየለካን ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ፣ አልደረሰም እያልን እንከራከራለን። እሷ በዚያው ሰዓት ጓዳ ትገባና ከጎታው አንድ እፍኝ ገብስ ዘግና ቅሉ ውስጥ ትጨምራለች። ገብሱ ሲወርድ ድምፁ ደጅ ድረስ ይሰማል። «ምሳዬ ናት» ትላለች። ሌላ ነገር አትልም።

ጾሙ 55 ቀን ነውና እፍኙም 55 ነው። ሲሰፈር ከቁና ብዙም አይርቅም። ልጅ ሆኜ፣ ፋሲካ ሲደርስ ለድኻ ትሰጠዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሰጠችም። የቅሉን አፍ በጨርቅ ወትፋ መልሳ ሰቀለችው። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት አለፈ፤ ክረምቱ ገባ። ነሐሴ ላይ፣ በፍልሰታ፣ አንድ ንጋት ጉሙ በራችን ላይ ቆሞ ሳለ ቀሰቀሰችኝ። እህሉን ከቅሉ ወደ ትንሽ ስልቻ ገልብጣ አሸከመችኝ። ከወንዙ ማዶ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት ነበረች። «በሩ ሥር አስቀምጠህ ተመለስ። እንዳትጣራ። ውሻው ቢጮህብህም እንዳትጣራ» አለችኝ። እግሬ በጭቃ እየተዋጠ ሄድኩ፤ አስቀምጬ ተመለስኩ። ከሳምንት በኋላ ስልቻው ባዶውን፣ ታጥፎ፣ አጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ተገኘ። ማን እንዳመጣው በቤታችን የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ለምን እስከ ነሐሴ እንዳቆየችው የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ሑዳዴ የሚገባው በየካቲት ነው፤ በዘገየ ዓመት እስከ መጋቢት መጀመሪያ ይደርሳል። በዚያ ወቅት በእኛ ደጋ እህሉ ተወቅቶ፣ ተዘርቶ፣ ተሰፍሮ ጎተራ ገብቷል። ድኻውም ቢሆን ጎታው ውስጥ የሚጫር አያጣም። በነሐሴ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ ዓይን ይሞላል፤ ሆድ አይሞላም። የዓምናው አልቋል፤ የዘንድሮው ገና እሸት እንኳ አልሆነም። ድንች የደረሰለት እሱን እየቀቀለ ያልፋታል፤ ያልደረሰለት ከጎረቤት ይበደራል፤ የሚያበድረው ያጣ ዝም ብሎ በሩን ይዘጋል። አያቴ ይህን የቀን አቆጣጠር ታውቀዋለች። በጥጋብ ወራት ከራሷ የቀነሰችውን በረሃብ ወራት ለሰው አደረሰችው። እኔ ስለ ጾም ከሰማኋቸው ስብከቶች ሁሉ ይህን የሚያህል አላገኘሁም።

አድማጮቼ፣ በአማርኛችን «ጾመ» እና «ጦም አደረ» ከአንድ ግንድ የወጡ ናቸው። ጾመ ስንል ፈቅዶ ነው፤ ጦም አደረ ስንል የሚቀምሰው አጥቶ ነው። መሬት እንኳ ዘር ሳያርፍበት ሲከርም «ጦም አደረ» ይባላል። ቋንቋችን የውድና የግድ ረሃብን አጎራብቶ አስቀምጧቸዋል፤ በመካከላቸው አጥር የሠራነው እኛ ነን። የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን የጠገበውንም በየዓመቱ ከተራበው ጎን የምታስቀምጠው በጾም ነው። ዐቢዩን ጾም፣ ነነዌን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታን፣ የነቢያትን፣ ገሃድን፣ ከበዓለ ሃምሳ በቀር ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብን ስንደምር አንድ ምእመን በዓመት 180 ቀን ገደማ ይጾማል። የዓመቱ እኩሌታ ማለት ነው።

ታዲያ የዓመቱን እኩሌታ የሚጾም ሕዝብ ምሳው የት ይሄዳል?

ይህን ጥያቄ በየቤታችን በእውነት እንድንጠይቀው እፈልጋለሁ። እኔ የራሴን ቤት ስመለከት ብዙ ጊዜ ምሳው የትም አልሄደም። ወደ ከሰዓት በኋላ ተላልፏል። በቀትር ያልበላነውን በዘጠኝ ሰዓት ከነወለዱ በልተነዋል። ከተማ ውስጥ ደግሞ የጾም በያይነቱ ትሪ ከፍስኩ ገበታ በዋጋም በዓይነትም እየበለጠ የመጣበት ቤት አለ። ምግቡ በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ሽሮውም፣ ስልጆውም፣ የሱፍ ፍትፍቱም እናቶቻችን በጥበብ ያቆዩልን በረከት ነው። ግን ከእኛ ሞሰብ ወጥቶ ሌላ ሰው ሞሰብ ያልገባ ምሳ፣ ሰዓቱ ብቻ ነው የተለወጠው።

ይህ የእኔ አስተያየት ብቻ እንዳይመስላችሁ ወደ ጥንቱ ልውሰዳችሁ። ከ1,800 ዓመት በላይ በፊት በሮም ከተማ ሄርማስ የሚባል ክርስቲያን ነበር። መልአክ በእረኛ አምሳል እየተገለጠለት ያስተማረውን የጻፈበት መጽሐፍ በጥንት ክርስቲያኖች ዘንድ እጅግ የተወደደ ነበር። በዚያ መጽሐፍ ሄርማስ ጾሞ ተቀምጦ ሳለ እረኛው መጥቶ ጾሙ ምን እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ያስተምረዋል። ትምህርቱ በእኛ አነጋገር ሲነገር ይህ ነው፦ በጾምህ ቀን እንጀራና ውኃ ብቻ ቅመስ፤ ባትጾም ኖሮ ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፤ ያንን ለመበለት ወይም ለሙት ልጅ ወይም ለተቸገረ ስጥ። አስላ ነው የሚለው። የሚተርፍ ካለህ ጣል አድርግ አላለም።

ይህ መጽሐፍ ለኛ ባዕድ አይደለም። ጥንት ወደ ግእዝ ተተርጉሞ በገዳሞቻችን ሲጻፍ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ዘመን የፈረንሳዩ ሊቅ አንቷን ዳባዲ በትግራይ ጉንዳ ጉንዶ ገዳም አግኝቶት፣ የግእዙ ንባብ በ1860 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በላይፕዚግ ታትሟል። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም። ሄርማስ የሚለውን ስምም እስክታርፍ የሰማችው አይመስለኝም። ሒሳቡን ግን ታውቀዋለች፤ በገንዘብ ፋንታ በእፍኝ ታሰላዋለች። ከገዳም ከቅዳሴ ከመምህራን አፍ ሲንጠባጠብ የኖረ ትምህርት በጎዛምን ጓዳ አንድ ቅል ውስጥ ተጠራቅሞ ተገኘ ማለት ነው። ሄርማስ በኖረበት በሁለተኛው መቶ ዘመን አርስጢደስ የተባለ የአቴና ፈላስፋም ስለ ክርስቲያኖች ለንጉሠ ነገሥቱ ሲጽፍ፣ ከመካከላቸው ድኻ ቢኖርና የሚሰጡት ትርፍ ቢያጡ ሁለት ሦስት ቀን ጾመው የእነሱን ድርሻ እንደሚያበሉት መስክሯል። የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ጾም ሌላ ሰው እራት የሚያገኝበት ጾም ነበር። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም የረመዳን ጾማቸውን ሲጨርሱ፣ ከዒድ ሶላት በፊት፣ በነፍስ ወከፍ የተሰፈረ እህል ለድኻ እንዲያወጡ ታዘዋል። ጾም እህል ሰፍሮ ካላወጣ እንደማይሞላ እነሱም ያውቃሉ።

(የበገና ድምፅ ለአፍታ ከፍ ብሎ ይሰማና ዝቅ ይላል)

ከተማችን ቀድሞ መንቆረር ነበር ስሟ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የወንጌላዊውን የማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ ደብሩ ስሙን ለከተማዋ ሰጠና ደብረ ማርቆስ ተባለች። እኛ የዚህ ወንጌላዊ ጎረቤቶች ነን፤ በስሙ እንጠራለን፤ መታወቂያችን ላይ አለ። ስለዚህ ማርቆስ ስለ ጸሎት የጻፈውን በተለይ ልናውቀው ይገባል እላለሁ። ወንጌሉን 12ኛ ምዕራፍ ላይ ግለጡት። የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ጌታ በመዝገቡ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሰው ሁሉ ገንዘብ ሲጥል ያያል። አንዲት ድኻ መበለት ሁለት ሳንቲም ትጥላለች፤ ከሁሉ አብልጣ የጣለች እሷ ናት ይላል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ የምንዘለው ከሱ በላይ ያለውን ነው። እዚያ ላይ ጌታ ጸሐፍትን ይወቅሳል፦ ጸሎታቸውን እያስረዘሙ የመበለቶችን ቤት ይውጣሉ ይላል። ረጅሙ ጸሎትና የመበለቷ ቤት በአንድ ትንፋሽ ተነገሩ። ወዲያው ደግሞ መበለቲቱ ራሷ ሁለት ሳንቲሟን ይዛ ገባች።

የመበለት ቤት በእኛ አገር እንዴት ይዋጣል? እናንተ ታውቁታላችሁ። ባሏ በሞተ በዓመቱ ወሰኑ አንድ ትልም ይገፋል። በሁለተኛው ዓመት ሌላ ትልም። ሴት ሞፈር አትይዝም በሚባልበት አገር፣ በሬ የሌላት መበለት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች፤ ለእኩል ያረሰላት ሰው የራሱን ማሳ አርሶ፣ ዘርቶ፣ ሲጨርስ ነው ወደሷ የሚመጣው። ዝናሙ ካለፈ በኋላ የተዘራ እህል ምን እንደሚሆን ለገበሬ አይነገርም። ከዚያም ምርቱ ሲካፈል እኩሌታው ይሄዳል። ገፊው ሰው ደግሞ ምናልባት ረቡዕና ዓርብን አይገድፍም። ሕማማት ሲመጣ ግንባሩ እስኪላላጥ ይሰግዳል። ይህን የምለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ የአንዳችንም ስግደት ከንቱ እንዲቀር ስለማልፈልግ ነው። ሑዳዴ የመጀመሪያው እርሻ ወቅት ነው። በሬ ያላችሁ አባቶችና ወንድሞች፣ ከ55ቱ ቀን አንዱን ጥማዳችሁን ይዛችሁ የመበለቷ መሬት ላይ ብትውሉ፣ በጊዜው ብትውሉ፣ ያ ቀን ከጾማችሁ ውስጥ ይቆጠራል። ደቦና ወንፈል የምናውቅ ሰዎች ነን፤ ብድር የማትመልስ ሴት ማሳ ላይ ደቦ መውጣት ብቻ ነው የቀረን። ነቢዩ ኢሳይያስም 58ኛው ምዕራፍ ላይ፣ ጾመን ሳለ ለምን አልሰማኸንም ብለው እግዚአብሔርን ለሚጠይቁ ሰዎች የሚመልስላቸው ይህንኑ ነው፤ በምትጾሙበት ቀን ሠራተኛችሁን ታስጨንቃላችሁ፣ ትጣላላችሁ ይላቸዋል፤ ለተራበ መቁረስን፣ ቤት የሌለውን ማስገባትን ጾም ብሎ ይጠራዋል።

አሁን ወደ ጓዳ ልመለስ። እናቶች፣ ይህን በደንብ አድምጡኝ።

ላም ሑዳዴን አታውቅም። ሰው ሲጾም እሷ ትታለባለች። ወተቱ ይረጋል፤ ይናጣል፤ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል፤ ለገበያም ይወጣል። ይህ የቆየ የቤት አያያዝ ነው፤ ነቀፌታ የለበትም። ግን በዚያው ቤት ወይም በሚቀጥለው ቤት አንድ የአሥር ወር ልጅ አለ። ይህ ልጅ እየጾመ ነው። ማንም ጹም አላለውም። ቀኖናው አላለውም፤ የነፍስ አባት አላለውም። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሕፃን ከጾም ነጻ ነው፤ ሕመምተኛ ነጻ ነው፤ ነፍሰ ጡርና አራስም እንዲሁ ይፈቀድላቸዋል። ልጁን ያስጾመው ድስቱ ነው። እናት ለልጇ እንቁላል ብትጠብስለት፣ ወተት ብታፈላለት፣ ዕቃው ከጾም ዕቃ ጋር ይነካካብኛል፣ ጾሜን ያስገድፈኛል ብላ ትፈራለች። በአገራችን የተደረጉ የሥርዓተ ምግብ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት ይህንኑ ፍርሃት ነው። ጾም ሲገባ የሁለት ዓመት ልጅ እንኳ ወተትና እንቁላል ይቋረጥበታል። የዓመቱ እኩሌታ ጾም ነው ብለናል፤ እንግዲህ ገና አጥንቱ እየጸና፣ አእምሮው እየተሠራ ያለ ልጅ የዕድሜውን እኩሌታ በእንጀራ ፍትፍትና በሽሮ ያሳልፋል ማለት ነው።

በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶው 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል። ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን አልደረሰም ማለት ነው። ለሌላው አገር እህል የሚጭን ጎጃም ያለበት ክልል ነው ይህ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ንጹሕ ውኃም አለበት፣ በሽታም አለበት፣ ድኽነትም አለበት፤ ሁሉንም በጾም ላይ የሚጭን ሰው ይሳሳታል። ይህኛው ክፍል ግን በእጃችን ያለ ነው፤ አንዲት ትንሽ ድስት ብቻ ይፈልጋል። ለሕፃኑ ብቻ የተለየች ድስት፣ የተለየች ማንኪያ፣ የተለየች ሳህን። ለብቻዋ ትታጠብ፣ ለብቻዋ ትቀመጥ። የእናቲቱ ጾም ንጹሕ እንደሆነ ይቆያል፤ ልጁም እንቁላሉን ይበላል። ላም ያላችሁ ደግሞ፣ ላም የሌላት ጎረቤት ልጅ ካላት፣ ከምትንጡት ላይ አንድ ኩባያ ቀንሱላት። ቅቤው ለፋሲካ አንድ ማንኪያ ይጎድል ይሆናል። ካህናት አባቶቻችን ይህን ከዐውደ ምሕረት ላይ ቢናገሩት፣ እኔ በሬዲዮ ዓመት ሙሉ ከምናገረው ይልቅ ይሰማል፤ የሚናገሩ አሉና እግዚአብሔር ያክብርልን። መድኃኒት የምትወስዱ፣ ስኳር ያለባችሁ፣ የምታጠቡ እናቶች፣ ሳትፈሩ የነፍስ አባታችሁንና ሐኪማችሁን ሁለቱንም አማክሩ። በቤተ ክርስቲያን የተፈቀደን ነገር አልቀበልም ብሎ ሰውነትን መጉዳት ጽድቅ ሆኖ አይቆጠርም።

ጸሎትን የጾም መንታ ይሉታል አባቶች። በየቀኑ ሰባት የጸሎት ጊዜ አለን፤ ነግህ፣ ሠለስት፣ ቀትር፣ ተሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋም፣ መንፈቀ ሌሊት። ገበሬው ሰባቱን በመጽሐፍ ላያደርሳቸው ይችላል፤ በሬ ጠምዶ ትልም ሲጀምር ያማትባል፤ ምጣዷን ያሰማች ሴት የመጀመሪያውን ሊጥ ስታዞር ታማትባለች። በዚህ ሁሉ ውስጥ ማንም የማይረሳው አባታችን ሆይ ነው። ይህን ጸሎት አንድ ቀን ቃል በቃል ተመልከቱት። «እኔ» የሚል የለበትም። «አባቴ» አይልም፤ «እንጀራዬ» አይልም። ጨለማ ውስጥ ብቻዬን ተንበርክኬ እንኳ ስጸልየው የምለምነው ለብዙ ሰው ነው። «እንጀራችን» ብዬ ለምኜ ከተነሣሁ በኋላ፣ የመጣውን እንጀራ ለብቻዬ ብከድነው፣ ጸሎቱ ላይ የተናገርኩትን ቃል መካዴ ነው። የበደል ይቅርታም እንደዚያው ነው፤ የምንለምነው እኛ ይቅር ባልነው ልክ እንዲሆን ነው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። በጾም ቀን ቅዳሴ ቆማችሁ ታውቃላችሁ። ጊዜው ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሊቀርብ ነው፤ ሆድ ባዶ ነው፤ መቋሚያው ላይ ክብደታችን ተጭኗል፤ የዕጣኑ ጭስ በምሰሶዎቹ መካከል ተንሳፏል። ያኔ ዲያቆኑ እርስ በርስ ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። ነጠላችንን መስቀለኛ ለብሰን፣ ወደ ቀኝ እጅ እንነሣለን፣ ወደ ግራ እጅ እንነሣለን። ከአጠገባችን ማን እንደሚቆም አንመርጥም። ልጅ ሳለሁ አንድ ጊዜ አባቴ በቀኙ ሲዞር ሁለት ዓመት በግጦሽ መሬት የተኳረፈውን ሰው አገኘው። አየኋቸው። ሁለቱም ለቅጽበት ቀጥ አሉ። የአባቴ ጉሮሮ ሲወጣ ሲወርድ ትዝ ይለኛል። ሰውየው ቀድሞ ጎንበስ አለ፤ አባቴም ከእሱ ዝቅ ብሎ ጎነበሰ። ከቅዳሴ ስንወጣ አብረው ቆመው ጠበል ጠጡ፤ ግጦሹን ደግሞ ከፋሲካ በኋላ በሽማግሌ ጨረሱት። እንዲያው ሳስበው፣ ሁለቱም ጠግበው በልተው መንገድ ላይ ቢገናኙ ኖሮ የሚጎነበሱ አይመስለኝም። ረሃቡ አለስልሷቸው ነበር።

ነገ የሚነበበው ወንጌል የመፃጉዕ ነው። 38 ዓመት በአልጋ ላይ የኖረ ሰው፣ በቤተ ሳይዳ ጠበል ዳር። ልትድን ትወዳለህን ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዎን ብሎ እንኳ አልመለሰም፤ ወደ ውኃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም አለ። ሕመሙን አይደለም የተናገረው፤ ሰው ማጣቱን ነው። በዚያ ጠበል ዳር እኮ ሰው ሞልቶ ነበር! የሚጸልይም፣ የሚጾምም አይጠፋም። ግን እያንዳንዱ የራሱን ተራ ነበር የሚጠብቀው።

በእኛ አገር ሰው የለኝም የሚል ሰው በየበሩ በራሱ እግር ይመጣል፤ አኩፋዳውን ይዞ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከአጥር ውጭ ቆሞ በማርያም ስም ይለምናል። የቆሎ ተማሪ ነው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን፣ ደብረ ኤልያስን የቅኔ አገር ያደረጋቸው የመምህራኑ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ በዙሪያቸው ያለ የገበሬ ቤት ሁሉ ለማያውቀው ልጅ ኩርማን እንጀራ እየቆረሰ ስለሰጠ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ ጎዛምን እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው በልጅነታቸው በእነዚህ የአብነት ጉባኤዎች ተምረዋል። ከየትኛው አጥር ውጭ የትኛው ልጅ ቆሞ እንደሆነ የምናውቅበት መንገድ የለንም፤ ቆራሾቹም አላወቁም። በጾም ቀን ቀፈፋ የወጣ ተማሪ የሚደርሰው ልክ በዚያች ሰዓት ነው፤ እኛ ዘጠኝ ሰዓትን ስንጠብቅ። እሱም ይጾማል። ልዩነቱ፣ የእኛ ገበታ ተከድኖ ይጠብቀናል፤ የእሱ የሚሆነው እኛ ከቆረስንለት ብቻ ነው። ያገኛትን ፀሐይ ላይ አድርቆ ድርቆሽ ያደርጋትና ለክፉ ቀን ያኖራታል። አያቴ የመጀመሪያዋን እንጀራ ከምጣዱ ስታወጣ ለብቻዋ አጥፋ በሌማት ታስቀምጥ ነበር። ለሚመጣው ነው ትላለች። ያልመጣበትን ቀን አላስታውስም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። በቅሉ ውስጥ እስከ ትናንት የተጠራቀመ 19 እፍኝ ገብስ አለ። የዛሬዋን በኪሴ ይዣት መጥቻለሁ። ነሐሴ ላይ ለማን እንደምትደርስ አልነግራችሁም፤ አያቴ ብትኖር ይህንም ያህል በመናገሬ ትቆጣኝ ነበር። ድምፁን ብቻ ላሰማችሁ።

(እፍኝ ገብስ ቅሉ ውስጥ ሲወርድ ይሰማል)